ቁርበት አንጥፉልኝ

ጥር 2011 ዓ.ም ነው። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ሳንቃ በር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። አራት ነን፤ አራታችንም አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮድ ስንጽፍ የምንውል ልጆች። ማብሰያ ጎጆው ውስጥ እሳት ከበን ሻይ እየጠጣን ሳለ ከአስታው ጫካ በታች ጅብ ጮኸ።

«ዝም በሉ! ዝም!» አለች አንዷ ባልደረባችን። ስልኳን አውጥታ ድምፁን ልትቀዳ በሩ ላይ ቆመች። ጅቡ ሁለተኛ ጮኸ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ስትመለስ ዓይኖቿ ያበሩ ነበር፤ የምሯን ነው የተደሰተችው። ከዚያ ቀን ላይ አስጎብኚያችን የነገረን ትዝ አላት። በአገራችን ብዙ ቦታ ከብት የሞተበት ሰው ሬሳው ላይ መርዝ ነስንሶ አውሬ እንደሚጨርስ ነግሮን ነበር።

«እንደዚህ ዓይነት ፍጡር በመርዝ የሚገድል ሰው ግን ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው?» አለች።

ሁሉም ተስማማ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

እኔ ግን ያን ልብ አውቀዋለሁ። የአባቴ ልብ ነው።

የተወለድኩት አዊ ዞን ውስጥ፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ አዲስ ቅዳም ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። አገው ምድር ውስጥ ፈረስ ከእንስሳ ተራ ከፍ ያለ ነገር ነው። በ1932 ዓ.ም የተቋቋመ የፈረሰኞች ማህበር አለን። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱ ተሸልሞ ሲወጣ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። አባቴ አንዲት ባዝራ ነበረችው። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ወለደች፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ወንድ ውርንጭላ። አባቴ «ይሄ ያንተ ነው፤ አንተን ነው የሚሸከመው» አለኝ። ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላው አንድ ሌሊት ጅብ የበረቱን አጥር ጥሶ ገብቶ በላው። ጠዋት የቀረውን አየሁት። ከፊሉን።

አባቴ አልጮኸም፤ ገበያ ሄደ። ሲመለስ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ይዞ ነበር። ማታ የተረፈውን ሥጋ ቀባና ከቤታችን በታች ጫካው ጥግ አስቀመጠው። በነጋታው አንድ ጅብ ሞቶ ተገኘ። ጎረቤቶች መጥተው አዩ፤ አባቴን «እሰይ!» አሉት። እኔም ኮራሁ። ከዚያ ጥንብ አንሳዎች ሞቱ፤ ስንት እንደነበሩ አልቆጠርኩም። በሦስተኛው ቀን ውሻችን መቻል አፉ አረፋ እየደፈቀ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ወደቀ።

ሳንቃ በር ላይ፣ እሳቱ ዳር፣ ይህን ሁሉ አልተናገርኩም። «አባቴ ነው» ማለት ከበደኝ። ይልቅ ሻዬን ፉት ብዬ ስለ ጅብ የመንጋጋ ጥንካሬ ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን አወራሁ።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚባለው ተረት ብዙ ጊዜ ለጉረኛ ይተረታል። የሚያውቁት አገር ቢሆን ቁርበቱን ራሱን እንደሚበላው ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነጥፍለትም። የማያውቁት አገር ግን እንደ ጨዋ ሰው ምንጣፍ ይጠይቃል። እኔ ያን ሌሊት ያ ጅብ ነበርኩ። የማንም ውርንጭላ ባልተበላበት፣ የማንም አባት በማይታወቅበት ቦታ ቁጭ ብዬ ተፈጥሮ ወዳድ ሆንኩ። ደግሞ መውደዴ ውሸት አልነበረም! ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አንድን አውሬ ከሩቅ መጥቶ ከልብ መውደድ ይቻላል። ግን ያ ፍቅር ምንም ሳያስከፍለኝ፣ ሌላውን እያስከፈለ ከሆነ፣ የማን ፍቅር ነው?

ሳፋሪ የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ጉዞ ማለት ነው። በአማርኛ ሰፈር አለን። ሁለቱ በድምፅ ይቀራረባሉ፣ በሐሳብ ግን ጀርባ ይሰጣጣሉ። አንዱ መሄድ ነው፤ ሌላው ተቀምጦ መኖር። ስለ ዱር እንስሳት የምናነበው፣ የምናየው፣ ፖስት የምናደርገው ነገር አብዛኛው የተጓዡ ነው። የሰፈርተኛውን ብዙም አንሰማም። ሲሰማም ብዙውን ጊዜ እንደ ችግር ነው፦ ደን ጨፍጫፊ፣ ሣር አስጋጭ፣ መርዝ ነስናሽ።

ባልደረቦቼ ድንኳን ሲገቡ እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝና እሳቱ ጋ ቀረሁ። ስካውታችንም አልተኛም። በሰሜን ተራሮች ያለ መሣሪያ የያዘ ስካውት መሄድ አይቻልም። የእኛው ሃምሳዎቹን የያዘ፣ ቀጭን፣ ከጋቢው ሥር ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ያቀፈ ሰው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። በሥራዬ ሌሊት ሰርቨር የመጠበቅ ተራ ስለሚደርሰኝ የነቃ ሰውን ድካም አውቃለሁ ብዬ ነበር። የእኔ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ነው።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለባልደረቦቼ ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት። ውርንጭላውን፣ መርዙን፣ ውሻውን። ይገስጸኛል ወይ ያጽናናኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «አጥሩ ምን ነበር? የድንጋይ ነው የእንጨት?» አለኝ።

«የእንጨት ነው ጋሼ።»

«ለጅብ እንጨት አይሆንም» አለና እሳቱን ቆሰቆሰ።

ቆይቶ ስለ ራሱ አወራኝ። የግጭ ሰው ነው። ግጭ ከፓርኩ መሀል የነበረ መንደር ነው። እ.ኤ.አ በ2016 ከአራት መቶ በላይ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ተነስተው ደባርቅ አጠገብ ሰፈሩ። «ቤት ሠራን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀረባቸው፤ እሱ ደግ ነው» አለኝ። «በግ ግን ከተማ ላይ የት ታሰማራለህ?» አሁን የሚጠብቀው ሣር አባቱ ከብት ያሰማሩበት የነበረውን ነው። ዋልያን ይጠላ እንደሆነ ጠየቅኩት። ተገረመ። «ለምን እጠላዋለሁ? አብረን ነው ያደግነው። እኛ እያለን አልነበረም እንዴ እሱም የነበረው?»

ይህችን የመጨረሻ ጥያቄ ለዓመታት ይዣት ዞሬያለሁ። ቀላል መልስ የላትም።

በአንድ በኩል ልክ ነው። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ በ1969 ነው፤ ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ሰሜን ተራሮች ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። ያኔ ሰዎቹ እዚያው ነበሩ። ዓለም መጥቶ «ይህ ቅርስ ነው» ያለው ሰዎች ሲያርሱበትና ሲያግዱበት የኖሩትን አገር ነው። በደርግ ዘመንም ከሰሜኑ ገደል ግርጌ ሰዎች በግድ ተነስተዋል።

በሌላ በኩል ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም። እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ ከጥቂት መቶ የማይበልጥ ነበር። የሰውና የከብት ቁጥር እንደ ድሮው አይደለም፤ የአሥር ቤት በግና የአራት መቶ ቤት በግ አንድ ሣር ላይ አንድ ዓይነት ነገር አያደርጉም። ፓርኩ እ.ኤ.አ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የገባው በከንቱ አይደለም። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው፤ ግጭ ከተነሳ በኋላ። ስለዚህ «ሰዎቹን ተዉአቸው፣ ሁሉም በራሱ ይስተካከላል» የሚለው ጥሩ ስሜት እንጂ መልስ አይደለም። ዋልያ አንዴ ከጠፋ ካሳ የሚከፈለው ዘመድ እንኳን አይኖረውም።

እኔ የምለው፣ እነዚህ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላቸዋል፤ ግን ስለ ሁለት ነገር ነው። አማርኛ ዋጋ የሚለውን ቃል ለሁለቱም ይጠቀምበታል። «ዋልያ ዋጋ አለው» ስንል ክቡር ነው ማለታችን ነው። «ዋጋ ከፈለ» ስንል ደግሞ ተጎዳ፣ አጣ ማለታችን ነው። የመጀመሪያውን ማረጋገጥ ሁለተኛውን አይመልስም። ዋልያ ክቡር መሆኑን መቶ ጊዜ ብታስረዱኝ የክብሩን ሒሳብ ለምን የግጭ ሰው ብቻውን እንደሚከፍል አላስረዳችሁኝም። የእግር ኳስ ቡድናችን ስሙ ዋልያዎቹ ነው፤ ማልያው ላይ እናደርገዋለን፣ ብራችንን አውጥተን በስሙ የተጠራ ቢራ እንጠጣለን። ኩራቱ የመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ነው። ወጪው ግን በአንድ ተራራ ላይ ባሉ መንደሮች ተከፋፍሏል።

የኛ ሥራ ውስጥ ነጻ የሚባል አገልግሎት የለም። ተጠቃሚው ካልከፈለ ባለሀብቱ ይከፍላል፣ ወይ ማስታወቂያው፣ ወይ ሌሊት ሳይተኛ የሚያድረው ልጅ። ሒሳቡ አይጠፋም፤ የማይታይ ቦታ ይሄዳል እንጂ። የዱር እንስሳም እንደዚያው ነው። ሳንቃ በር በነጻ የሰማነውን የጅብ ድምፅ አንድ ሰው የሆነ ቦታ በበግ ከፍሎበታል።

እዚህ ላይ ከአገራችን ወግ አንድ ነገር ይጠቅመናል ብዬ አስባለሁ። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል፣ መደብ ይለቀቅለታል። እንግዳው ማን እንደሆነ፣ ጥሩ ሰው ይሁን መጥፎ፣ አይመረመርም። ግን ልብ በሉ፦ በዚህ ወግ ውስጥ ማን አሳዳሪ፣ ማን አዳሪ እንደሆነ መቼም አይምታታም። እንግዳው መደቡ ላይ ተኝቶ ባለቤቱን «ውጣ» አይልም። ጠዋት ሲሄድ የሚመርቀውም ያሳደረውን ቤት ነው።

አውሬ በሰው አገር ሲኖር እንደ መሸበት እንግዳ ነው ብዬ አስባለሁ። ወይም ደግሞ እኛ በእሱ አገር። ይሄ ይቆየን። ዛሬ ላይ ግን የሚያሳድረው ገበሬው ነው። ገብሱን ጭላዳ እየነቀለበት፣ በጉን ጅብ እየወሰደበት፣ እየረገመም ቢሆን አሳድሯል። እኛ ጎብኚዎቹ ሁለተኛ እንግዶች ነን፤ እንግዳውን ልናይ የመጣን እንግዶች። ምስጋናችንን የምናደርሰው ግን የመግቢያ ትኬት ለምንቆርጥበት መስኮት ብቻ ነው። የአሳዳሪውን ደጅ አንረግጥም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። ፖሊሲ አውጪ አይደለሁም፤ ግን ሁለት ነገር አይቼ አወዳድሬያለሁ።

አንደኛው የራሴ አገር ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ባለፉት ሃያ ዓመታት መሬቱ አረንጓዴ ለብሷል። ማንም ስካውት አላቆመም። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ዛፍ በማሳው ተከለ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከእህል ጋር ያበቅለዋል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፣ ከሰሉ አዲስ አበባ ይገባል። እናንተ ቡና ያፈላችሁበት ከሰል የኛ ሰፈር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ሰው ደን ካበላው ደን ያበቅላል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ያ ደን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ነው። በኋላ የዝገት በሽታ ሲገባበት ከዳር እስከ ዳር የተጎዳውም ለዚህ ነው። ባለቤት ያለው፣ ዱር የሌለበት ደን።

ሁለተኛው መንዝ ጓሳ ነው። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀውታል። አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያው አብረው ኖረዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው። ቢሆንም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ የማህበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፣ ጎብኚ የሚያድርበት ቤትም አለው። እዚያ ዘበኛውና ባለቤቱ አንድ ነው። ሥርዓቱ የዋህ አልነበረም፤ የጣሰ ሰው ከባድ ቅጣት ነበረበት። ግን ሣሩ ሲዘጋ የዘጋው ራሱ አጫጁ ነው። በሬን ራሴ ስዘጋና ሌላ ሰው ሲዘጋብኝ ቁልፉ ያው ቁልፍ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም።

ጓሳን ቀድተን ሰሜን ላይ እንለጥፈው ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ቦታ ሰው መነሳቱ የግድ ሊሆን ይችላል፤ ያን አምናለሁ። የማልቀበለው ከተነሳ በኋላ ዕዳው ተከፍሎ አለቀ መባሉን ነው። ካሳ የቤትና የመሬት ዋጋ ነው። ዋልያ ግን በየዓመቱ ይኖራል፣ በየዓመቱም ይጎበኛል፤ የአሳዳሪው ድርሻም በየዓመቱ መሆን አለበት።

እኛ ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011፣ ፓርኩ ተቃጠለ። ዜናውን ቢሮ ቁጭ ብዬ ነበር የተከታተልኩት። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ሁሉም ምስጋና ይገባቸዋል። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ግን ከነሱም ጋር፣ ቅጠል ይዞ እሳቱን ሲደበድብ የነበረው የአካባቢው ሰው ነው። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ ጋቢውን ወገቡ ላይ ያሰረ ቀጭን ሰው አየሁ። የኛ ስካውት ይሁን አይሁን ፊቱ አይለይም። ጅቡን የቀዳችው ባልደረባዬ ያን ፎቶ «ጀግኖቻችን» ብላ አጋራችው። ያኔ ነው ስለ አባቴ የነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ለምን ያን ቀን አልነገርሽኝም አትለኝም እንዴ፣ እኔ ነኝ እንዳትናገር ያደረግኩህ» አለች። ልክ ነበረች፤ ግማሹን። ሌላው ግማሽ የኔ ፈሪነት ነው።

አባቴ የሠራው ልክ አልነበረም። ይህን እዚህ በግልጽ ልጻፈው፤ «ድሃ ስለሆነ ልክ ነው» የሚል ጽሑፍ እየጻፍኩ አይደለም። መርዙ ጥፋተኛውን ከንጹሑ አልለየም፤ ውሻችን ምስክር ነው። ግን አባቴን ለመውቀስ መብት የሚኖረው የዚያን ሌሊት ኪሳራ የተካፈለ ሰው ነው። እኛ ከኪሳራው ምንም ሳንካፈል በፍርዱ ላይ ብቻ ሙሉ ድርሻ እንፈልጋለን።

ባለፈው ክረምት ደወልኩለት። ጅብ አንድ በግ ወስዶበታል። ደንግጬ «እና ምን አደረግክ አባዬ?» አልኩት። ዱቄቱ ነበር በዓይኔ የመጣው።

«ምን አደርጋለሁ፣ አጥሩን አጠበቅኩት።»

ለምን እንደ ድሮው እንዳላደረገ ጠየቅኩት። ስለ መቻል ይነግረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ያን ዓመት ትዝ አይልህም? የእገሌ አህያ ሞታ መንገድ ዳር ሳምንት ሙሉ ሸተተች። የሚያነሳት ጠፋ። ጅቡም የለ፣ ጥንብ አንሳውም የለ» አለኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ያን ቀን ማታ በቴሌብር ብር ላክሁለት። ጥር 2011 ለሰሜን ተራሮች ያወጣሁትን ያህል፣ የመኪናውን፣ የመግቢያውን፣ የስካውቱን፣ የሁለት ሌሊት አዳሩን፣ ደምሬ ነው የላክሁት። የድንጋይ አጥር እንዲያሠራበትና የቆርቆሮ በር እንዲገጥምለት ነገርኩት። በዝቷል ብሎ ተከራከረኝ፤ «ለአንድ በግ ይሄ ሁሉ?» አለ።

ለበጉ ብቻ አይደለም አልኩት። አልገባውም። አጥሩ ግን አልቋል፤ እህቴ ፎቶውን ልካልኛለች። ከፎቶው ጀርባ የቤታችን ጫካ ይታያል፤ ማታ ማታ ጅቡ አሁንም እዚያ ይጮኻል አለችኝ።